የጁሙዓ ማስታወሻ፦ አንዷን ክፍል ስናከራይ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዚህ ሳምንት አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከችልኝ። ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች፣ ጥያቄውን ግን እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች። እኔም ጥቂት ነገር ቀይሬ አቀርበዋለሁ።

ቤተሰቦቿ ሰሚት አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም አላቸው። አባቷ ጡረታ ወጥተዋል። የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ ግን ጡረታ አይወጣም። ስለዚህ አንደኛውን መኝታ ከወሎ ለሥራ ለመጡ ሁለት እህቶች አከራዩ። አባትና እናት በቀረው መኝታ፣ እሷና ታናሽ ወንድሟ ሳሎን ያድራሉ። ማታ ፍራሽ ይዘረጋል፣ ለሱብሒ ይነሳል። ኩሽናውም መታጠቢያ ቤቱም የጋራ ነው። እንዲህ ሆነው አንድ ዓመት ከመንፈቅ በሰላም ኖሩ።

ከዚያ ደላላ መጣ። «እጥፍ የሚከፍል ሰው አለኝ፣ ዛሬውኑ ክፍሉን አስለቅቁ» አላቸው። እናት አሰቡ፣ አሰቡና ልጃቸውን ጠሩ። «ልጆቹን "ታላቅ እህቴ ከሳዑዲ ልትገባ ነው፣ ክፍሉ ያስፈልገናል" ብለሽ ንገሪያቸው» አሏት። ታላቅ እህቷ በእርግጥ ሪያድ ናት። የመምጣት ሐሳብ ግን የላትም።

የእህታችን ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ኡስታዝ፣ ትንሽ ውሸት ናት። እናቴንም ማስከፋት አልፈልግም። ልጆቹን ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። አያት፣ ሲኤምሲ፣ ጀሞ፣ ለቡ፣ ቤተል፣ ዓለም ባንክ፤ የትም ብትሄድ ከበሩ ጀርባ ይኸው ታሪክ አለ። ይህን ከምታነቡት ውስጥ ግማሾቻችሁ ወላጆቻችሁ ሰርቪስ ወይም አንድ መኝታ ያከራያሉ። ግማሾቻችሁ ደግሞ የሰው ሰርቪስ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተጋድማችሁ ነው ስልካችሁን የያዛችሁት። ስለዚህ ዛሬ ለሁለታችሁም እናገራለሁ።

አንደኛ፦ ማከራየት ነውር አይደለም

መጀመሪያ ለባለቤቶቹ ፍትሕ እንስጥ። ቤቱን ያከራየ ሁሉ ስግብግብ አይደለም። አላህ በሱረቱ ነሕል ቤቶቻችንን የእርጋታ ቦታ ማድረጉን ከጸጋዎቹ አንዱ አድርጎ ይቆጥርልናል። አንዲት እናት ከሁለት ክፍል አንዱን ስታከራይ ገንዘብ ብቻ አይደለም የምታስገባው፣ ከእርጋታዋም ቆርሳ ሰጥታለች። በገዛ ቤቷ ጸጉሯን ሳትሸፍን ወደ ኩሽና መሄድ አትችልም። ባልና ሚስት ቢነጋገሩ በሹክሹክታ ነው። ልጅ ቢያለቅስ ተከራይ እንዳይረበሽ ይባላል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት የወር ክፍያው እንዳይዘልና ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እንዳይቀሩ ነው።

ለቤተሰቡ ሐላል ፈልጎ ራሱን ያጠበበ ሰው፣ ኒያው ካማረ፣ ምንዳ አለው ኢንሻ አላህ። ዋጋን በተመለከተም እንጠንቀቅ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን መዲና ውስጥ ዕቃ ተወድዶ ሰዎች ዋጋ እንዲተምኑላቸው ሲጠይቁ፣ ዋጋን የሚወስነው አላህ ነው ብለው፣ ማንንም በደለኝ ሳይባሉ አላህን መገናኘት እንደሚፈልጉ ነግረዋቸዋል። ተገቢ ዋጋ መጠየቅ በራሱ ሐራም አይደለም። ጥያቄው ዋጋው ላይ የደረስነው በየትኛው መንገድ ነው የሚለው ነው።

ሁለተኛ፦ ከላይ የተኛው ሶሓባ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ተሰደው መዲና ሲገቡ ያረፉት በአቡ አዩብ አል አንሷሪ (ረ.ዐ.) ቤት ነበር። ቤቱ ምድር ቤትና ላይኛ ፎቅ ነበረው። ነቢዩ ሊጠይቋቸው ለሚመጡ ሰዎች እንዲመች ብለው ከታች ሆኑ፣ አቡ አዩብና ባለቤታቸው ከላይ።

ሌሊት ግን አቡ አዩብ እንቅልፍ አጡ። «ከአላህ መልእክተኛ ራስ በላይ እንዴት እንራመዳለን?» ብለው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ግድግዳው ጥግ ተጠግተው አደሩ። በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው አንድ ቀን የውሃ እንስራቸው ተሰበረ። ውሃው ወደ ታች ጠብ ብሎ ነቢዩን እንዳያስቸግር ሰጉ። ቤት ውስጥ የነበራቸው አንድ መሸፈኛ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። ውሃውን በእሱ አደረቁት። በኋላም አቡ አዩብ ለምነው ነቢዩ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ።

እርግጥ ነው፣ ያ እንግድነት ነው፣ ኪራይ አይደለም። እንግዳውም የአላህ መልእክተኛ ናቸው። አደቡን ግን ልብ በል። አንድ ጣሪያ የምትጋራ ከሆነ ከወለልህ በታች ሰው አለ። ከግድግዳህ ወዲያ ሰው አለ። ውሃህ የት እንደሚፈስ፣ ድምፅህ የት እንደሚደርስ ማሰብ የኢማን ጉዳይ ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሌሊት ወንበር ስንጎትት፣ ዘነዘና ስናስጮህ፣ አቡ አዩብ በአንዲት ብርድ ልብሳቸው ውሃ ያደርቁ ነበር።

ሦስተኛ፦ «ትንሽ ውሸት»

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንግባ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሙናፊቅን ምልክቶች ሲቆጥሩ ሦስት ነገር ጠቅሰዋል፦ በንግግር መዋሸት፣ ቃልን ማፍረስ፣ አደራን መክዳት። እስቲ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር መዝናት። «እህቴ ከሳዑዲ ልትገባ ነው» ስትባል ንግግሩ ውሸት ነው። ክፍሉ ለእነዚያ ልጆች የተሰጠው በስምምነት ነበር፣ ስምምነቱ ፈረሰ። ልጆቹ ቤተሰቡን አምነው ዕቃቸውን አስገብተው ነበር፣ እምነቱም ተካደ። ሦስቱም በአንድ ትንፋሽ! ታዲያ ትንሽነቱ የቱ ጋ ነው?

ደግሞ ሌላ ሐዲስ አለ። ገዢና ሻጭ እውነት ከተናገሩና ነገሩን ግልጽ ካደረጉ በግብይታቸው በረካ ይሰጣቸዋል። ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው ይጠፋል። ኪራይም ግብይት ነው። የምትሸጠው ቤቱን ሳይሆን የመኖር ጥቅሙን ነው። የኪራዩ ብር እጥፍ ሆኖ በረካው ከሄደ በየት በኩል እንደወጣ ሳታውቅ ያልቃል። አንዴ ለሐኪም፣ አንዴ ለጥገና፣ አንዴ ለክርክር።

ዑለማዎች ኪራይ ትክክል እንዲሆን ጥቅሙ፣ ዋጋውና ጊዜው የታወቀ ይሁን ይላሉ። ጊዜው ሳያልቅ ደግሞ አንዱ ወገን ያለ በቂ ምክንያት ብቻውን ውሉን ማፍረስ አይችልም። ሱረቱል ማኢዳ ሲጀምር አማኞች ውላቸውን እንዲሞሉ ያዛል። በሱረቱል በቀራ ደግሞ አላህ የዕዳ ውልን እንድንጽፍ አስተምሮናል፣ ያውም በቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ። እኛ ግን «በመተማመን ነው» ብለን እንተወዋለን፣ በኋላም መተማመኑ ይጠፋል። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ወንድምህን ከመርሳት፣ አንተንም ከፈተና መጠበቂያ ነው።

በሀገራችንም የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዘፈቀደ እንዳይሆን ይደነግጋል። ሙስሊም በገባው ግዴታ የሚገኝ ሰው ነው። «መንግሥት አያየኝም» ማለት ለሙእሚን ምክንያት አይሆንም። እኛ የምናመልከው የሚያየንን ነው።

አራተኛ፦ የክፍሉ በር

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው አቅልሎ ያየዋል። ክፍሉን ካከራየህ በኋላ ክፍሉ ያንተ ነው፣ በሩ ግን ያንተ አይደለም። አላህ በሱረቱ ኑር ከራሳችን ቤት ሌላ ወደሆነ ቤት ሳናስፈቅድና ሰላም ሳንል እንዳንገባ ከልክሎናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተምረዋል። ተከራዩ ሥራ ሲሄድ በትርፍ ቁልፍ ገብቶ «ክፍሉን አይቼ ልመለስ ብዬ ነው» ማለት አይበቃም። አይተህ የተመለስከው የሰው ዐውራ ነው።

አንተ ወንድሜ፣ ቤታችሁ ውስጥ ሴት ተከራዮች ካሉ ጉዳዩ ይበልጥ ይመለከትሃል። ወደ ሳሎን ስትገባ ድምፅህን አሰማ። የመታጠቢያ ቤቱን በር አንኳኳ። ሌላ ሰው በሌለበት ከአንዷ ጋር ብቻችሁን ቤት ውስጥ አትቆዩ። «እንደ እህቴ ናት» አትበለኝ፣ ኸልዋ ኸልዋ ነው። ወላጆችህም ለማከራየት ሲነሱ ገና ከጅምሩ ማን ከማን ጋር ኩሽና እንደሚጋራ ይታሰብ። ቤት ለማዳን ብለን የቤቱን ሐያእ ብናጣ ምን አተረፍን?

አምስተኛ፦ ለተከራዩ፣ ከራሴ ጥፋት

እስካሁን ተከራዩ ወንድሜ «እሰይ፣ ንገርልኝ ኡስታዝ» እያልክ ይሆናል። ተራው ያንተ ነው። ከራሴ ልጀምር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሰርቪስ ተከራይቼ ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው ክርስቲያን እናት ነበሩ፣ እትዬ እላቸው ነበር። አንድ ወር ኪራይ አሳለፍኩ። «እትዬ፣ ደሞዝ ዘግይቶ ነው» አልኳቸው። ደሞዙ አልዘገየም። ስልክ ገዝቼበት ነበር። እሳቸው ምንም አላሉም፤ «አይዞህ ልጄ» ብቻ። በሳምንቱ የመብራት ካርድ ለመሙላት ከጎረቤት ብር ሲበደሩ በጆሮዬ ሰማሁ። በዚያ ምሽት መግሪብን አሰገድኩ። የትኛውን ሱራ እንደቀራሁ አላስታውስም፤ ያፈርኩትን ሐፍረት ግን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ሰው ከኋላዬ ቆሞ «ኣሚን» ይላል፣ እኔ ግን የአንዲት ባልቴት ሐቅ ኪሴ ውስጥ አለ። በማግስቱ ተበድሬ ከፈልኩ፣ እውነቱንም ነግሬ አውፍ በሉኝ አልኳቸው። አውፍ አሉኝ። አላህ ሂዳያ ይስጣቸው፣ ውለታቸውንም ይክፈልልኝ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማጓተቱ ግፍ መሆኑን ተናግረዋል። የምትከፍለው ኪራይ ለአንተ «ለሀብታም የተሰጠ ብር» መስሎህ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ብር በዚያው ቀን ወደ ባንክ ይሄዳል፣ ወይ ወደ ትምህርት ቤት። አከራይህ ሌላ እምነት ቢኖረውም ሐቁ ሐቅ ነው። እንዲያውም እስልምናን የሚያውቀው ባንተ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ተከራይ ሆይ፣ ክፍሉ በእጅህ ያለ አማና ነው። በሥነ ሥርዓት ተጠቅመህበት በራሱ ጊዜ ያረጀን ነገር ዑለማዎች አያስከፍሉህም። አጥፍተህ ወይም ችላ ብለህ የሰበርከውን ግን ትክሳለህ። አከራይም በዚሁ ይመዘን፦ ቀለም ስለደበዘዘ ብቻ የሰው ማስያዣ ገንዘብ መውሰድ የሰውን ገንዘብ ያለ ሐቅ መብላት ነው። ደግሞም ግድግዳው ስስ ነው፣ የቤተሰቡን ጠብና ችግር ትሰማለህ። የሰማኸውን ሥራ ቦታ ይዘህ አትውጣ። ምስጢሩም አማና ነው።

ሲቸግርህ ደግሞ አትሰወር። ስልክ አጥፍተህ በሌሊት ሹልክ ብለህ ከመግባት «ዘንድሮ እንዲህ ሆኛለሁ» ብለህ ተናገር። አከራይም ይህን ሲሰማ የሚከተለውን ያስታውስ፦ አላህ በሱረቱል በቀራ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪያገኝ እንዲታገሱት አዟል። ቢተዉለት ደግሞ የተሻለ መሆኑን ነግሮናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የተቸገሩ ባለዕዳዎችን በማለፍ ይታወቅ ስለነበረ አንድ ነጋዴ ነግረውናል። እሱ ሰዎችን ሲያልፍ፣ አላህም እሱን አለፈው።

ስድስተኛ፦ ከጎንህ ያለው ሰው

ሱረቱ ኒሳእ ውስጥ አላህ መልካም እንድንውልላቸው ካዘዘን ሰዎች መካከል የቅርብ ጎረቤት፣ የሩቅ ጎረቤትና ከጎን ያለ ባልደረባ ይገኙበታል። አስበው፤ አንድ ኩሽና የሚጋራህ ተከራይ ከእነዚህ ሁሉ ይቀርብሃል። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ሊወርስ ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። ነቢዩ መረቅ ስትሠሩ ውሃ ጨምሩና ለጎረቤት አድርሱ ብለው መክረዋል። ከአንድ ምድጃ ተራ ጠብቃችሁ እያበሰላችሁ ሽታው የሚደርሰው ሰው ሳይቀምስ ቢያድር ምን ይባላል?

እኛ ሐበሾች ደግሞ በዚህ ረገድ አደራ አለብን። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ከመካ ግፍ ሸሽተው ወደዚህ ምድር ሲመጡ ቤት አልነበራቸውም። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ያን ዘመን ሲተርኩ ነጃሺን የገለጹት መልካም ጎረቤት ብለው ነው። በሃይማኖታቸው ሰላም አገኙ፣ ክፉ ቃልም አልሰሙ። የሀገራችን ስም በኢስላም ታሪክ ውስጥ በመልካም የገባው ባይተዋርን በማስጠጋት ነው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሐረር፣ ከስልጤ ለሥራ የመጣችውን እህት በሽቦ አጥር ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ስታስጠጋት፣ ይህን ታሪክ ትቀጥለዋለህ ወይ ታቋርጠዋለህ።

ሰባተኛ፦ ለእህታችን የሰጠኋት መልስ

እንዲህ አልኳት፦ «ለእናትሽ በውሸት አትታዘዣቸው። ፈጣሪን በማመፅ ለፍጡር መታዘዝ የለም። ግን አትጩሂባቸው፣ አታስተምሪያቸውም። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ጣዖት የሚያመልክ አባታቸውን እንኳ "አባቴ ሆይ" እያሉ በለሰለሰ አንደበት ነበር የሚለምኑት። የአንቺ እናት ግን የምታመልከው አላህን ነው፤ የጨነቃትም የወሩ ክፍያ ነው። መጀመሪያ ጭንቀቷን ስሚ። ስንት እንደሚጎድል ቁጭ ብላችሁ አስሉ። ከዚያ ልጆቹን ጠርታችሁ እውነቱን ንገሯቸው።»

ትናንት ማታ መልስ ላከችልኝ። ቡና ተፈልቶ አባትም ባሉበት ተነጋገሩ። እናት ውሸቱን ተዉት። ለልጆቹም «ኑሮው ከብዶናል፣ ስምምነታችን ሲያልቅ ትንሽ እንድትጨምሩልን እንፈልጋለን፣ እስከዚያ በዚያው ዋጋ ኑሩ» አሏቸው። ደላላውን መለሱት። ልጆቹ አልቅሰው አመሰገኑ ብዬ ብጽፍ ደስ ይል ነበር፣ ግን እንደዚያ አልሆነም። አንደኛዋ «እናስብበት» ብላለች፣ ምናልባትም ስምምነቱ ሲያልቅ ይለቁ ይሆናል። የቤቱም ክፍያ አሁንም እንደጎደለ ነው። እህታችን ግን እንዲህ ስትል ጨረሰች፦ «ኡስታዝ፣ ብሩ አልተገኘም። ግን ዛሬ ኩሽና ውስጥ ተገናኝተን ዓይን ለዓይን ተያየን።»

ወላሂ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሪዝቅን የሚሰጠው አላህ ነው፣ ደላላው አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ነገር እናድርግ፦

ታከራያላችሁ? ወላጆቻችሁን አማክራችሁ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። ትርፍ ቁልፉን ያለ ፈቃድ አትጠቀሙበት። ውሃ ሲመጣ ለተከራዩም ባልዲውን ሙሉለት።

ተከራይታችኋል? ያሳለፋችሁት ኪራይ ካለ ዛሬ ደውሉና ቀን ቁረጡ። የሰበራችሁትን ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ቤቱን ለቅቃችሁ ወጥታችሁ ነገር ግን ሐቅ የቀረባችሁ? ስልካቸውን ፈልጉና አውፍ ተባባሉ። ብርና ሳንቲም በማይጠቅምበት ቀን የሚከፈለው ከሐሰናት ነው።

አላህ በሱረቱ ዘልዘላ ምድር በቂያማ ቀን የተሠራባትን ሁሉ እንደምትናገር ነግሮናል። ያቺ ሦስት በሦስት የሆነች ክፍልም የምድር ቁራሽ ናት። የተሰገደባትንም፣ የተዋሸባትንም ትናገራለች። አከራዩም ተከራዩም እፊቷ ይቆማሉ።

ያ አላህ! ቤት ለሌላቸው ሐላል ቤት ስጣቸው። ቤት ኖሯቸው ክፍያው የከበዳቸውን ከወለድ በጸዳ መንገድ አቅልልላቸው። የምንኖርባቸውን ቤቶች የእርጋታና የበረካ ቤት አድርግልን። ከሰው ሐቅ ነጻ ሆነን እንድንገናኝህ አድርገን። ወላጆቻችንን እዘንላቸው፣ ጭንቀታቸውንም አንሳላቸው። ኣሚን።

በዚህ በተባረከ ቀን ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሰለዋት ማብዛት አትርሱ። ለምታውቁት አከራይና ተከራይም አድርሱት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።